ባለ ፐርሰንት ቁልፉ የወጥ ቤት ሚዛን፦ የሚያሰላውና የማያሰላው

መመሪያው የተጻፈው ለአራት ዳቦ ነው፤ የሚፈለገው ግን አሥራ አንድ ነው። ወይም ደግሞ መመሪያው 500 ግራም ዱቄት እያለ ከከረጢቱ የቀረው 380 ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው ውሃውን በዓይን ልክ፣ ጨውን በቁንጥር አስተካክሎ ያልፋል፤ ሊጡም አንድ ቀን ይቀጥናል፣ አንድ ቀን ይደርቃል። ለዚህ ችግር ተብሎ የተሠራ ዲጂታል ሚዛን አለ። ከተራው ሚዛን የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ የ% ምልክት ያለበት ቁልፍ አለው።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። ቁልፉ የተባለለትን በትክክል ይሠራል፣ ሥራም ያቀልላል። ችግሩ ያለው ገዢው ዘንድ ነው፤ «ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ ይመርጣል። መጠየቅ የነበረበት ግን «በጣም ትንሹን ግብዓት በስንት ግራም ልዩነት ያነብልኛል?» ብሎ ነበር። ዱቄቱ አምስት ግራም ቢበዛ ወይም ቢያንስ ዳቦው አያውቀውም። እርሾው ሁለት ግራም ቢዛነፍ ግን ሊጡ ይናገራል። የ% ቁልፉ ደግሞ ሚዛኑ ያላየውን ግራም ሊያሰላ አይችልም።

ቁልፉ እንዴት ይሠራል?

ዳቦ ጋጋሪዎች መጠን ሲጽፉ ዱቄቱን 100 ያደርጉና ሌላውን ሁሉ ከእሱ አንጻር ይናገራሉ። ለምሳሌ ውሃ 65፣ ጨው 2፣ ደረቅ እርሾ 1። ድምሩ 168 ነው፤ ለጀማሪ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፣ ፐርሰንት ሁሉ ተደምሮ 100 መሆን ያለበት ይመስለዋልና። እዚህ ላይ ቁጥሩ ከጠቅላላው ሊጥ የተቆረሰ ድርሻ አይደለም፤ ከዱቄቱ ጋር የተደረገ ንጽጽር ነው። ጥቅሙ የሚታየው አንዱን ግብዓት ሲቀይሩ ነው። ውሃውን ከ65 ወደ 68 ከፍ ቢያደርጉ የጨውና የእርሾው ቁጥር ባለበት ይቆያል። በጠቅላላው ሊጥ ቢሰላ ኖሮ አንዱ ሲነካ ሁሉም እንደገና ይሰላ ነበር።

በሚዛኑ ላይ እንዲህ ይደረጋል። ጎድጓዳ ሳህኑን አስቀምጠው ወደ ዜሮ የሚመልሰውን ቁልፍ ይጫኑ። ዱቄቱን ይጨምሩ፤ 500 ይሁን 380 ወይም 417፣ ግድ የለም። የ% ቁልፉን ሲጫኑ ስክሪኑ 100 ያሳያል። እንደገና ወደ ዜሮ ይመልሱና ውሃውን 65 እስኪል ያፍስሱ። ዜሮ፤ ጨው 2 እስኪል። ዜሮ፤ እርሾ 1 እስኪል። ዱቄቱ 380 ግራም ከነበረ ሚዛኑ በውስጡ 247 ግራም ውሃ፣ 7.6 ግራም ጨውና 3.8 ግራም እርሾ ቆጥሯል። ወረቀትም ስሌትም አላስፈለገም። የዚህ ዕቃ ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዱቄቱን ቀድሞ በልክ መመጠን አይጠይቅም፣ ያለው ዱቄት ራሱ ልክ ይሆናል።

በየመሃሉ ዜሮ ሳያደርጉ ቢቀጥሉም ይሠራል፦ ውሃው ሲገባ 165፣ ጨው ሲጨመር 167፣ እርሾው ሲያበቃ 168። ይህን መንገድ ግን አንመክርም። ውሃው እጅ አምልጦ 165.6 ላይ ቢቆምና ጨውን 167 ላይ ቢያቆሙት፣ የውሃው ትርፍ ከጨው ላይ ተቀነሰ ማለት ነው፤ 2 የነበረው ጨው 1.4 ሆነ። በየመሃሉ ዜሮ ከተደረገ የውሃው ስሕተት የውሃው ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቁልፉን በደንብ የማያውቅ ሰው የሚስታቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም ተደጋጋሚ ናቸው። አንደኛው ሚዛኑ በራሱ መጥፋቱ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች ባትሪ ለመቆጠብ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነኩ ይዘጋሉ፤ ሲዘጉም 100 ተብሎ የተያዘው ክብደት አብሮ ይጠፋል። እርሾውን ፍለጋ ጓዳ ሄደው ሲመለሱ ሳህኑ ሙሉ፣ ስክሪኑ ባዶ ነው። በራስ የመዘጋት ሥርዓቱ እንዲቆም የሚፈቅድ ሞዴል ካገኙ እሱን ይምረጡ። ካላገኙ የ% ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት የዱቄቱን ግራም ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሳህኑ ስንት እንደሚመዝንም ከታቹ በማይጠፋ ቀለም መጻፍ ከብዙ ጣጣ ያድናል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሌላው የዱቄት ቅይጥ ነው። መመሪያው የስንዴ ዱቄት 80፣ ያልተነፋ ዱቄት 20 ካለ፣ 100 የሚሆነው የሁለቱ ድምር ነው። ሁለቱም ከገቡ በኋላ ነው ቁልፉ የሚጫነው። ከመጀመሪያው በኋላ ከተጫኑት ውሃውም ጨውም በአምስተኛ ያንሳል። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሚዛኑ 80 እና 20 ብሎ አይረዳዎትም፤ 100 ገና አልተሰየመምና ሁለቱን ዱቄቶች በግራም መመጠን የእርስዎ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ፈሳሽ እርሾ ነው፤ ከዱቄትና ከውሃ ተዘጋጅቶ የሚቀመጠው ማለታችን ነው። 500 ግራም ዱቄት፣ 325 ግራም ውሃና 100 ግራም እኩል በእኩል የተዘጋጀ ፈሳሽ እርሾ ያለበት ሊጥ ላይ ሚዛኑ ውሃው 65 ነው ይላል። እውነተኛው ግን ሌላ ነው። በእርሾው ውስጥ 50 ግራም ዱቄትና 50 ግራም ውሃ አለ፤ ስለዚህ ዱቄቱ 550፣ ውሃው 375፣ ምጥጥኑ 68.2 በመቶ ነው። ሦስት ፐርሰንት ውሃ ደግሞ እጅ ላይ በግልጽ የሚታወቅ ልዩነት ነው። ሚዛኑ ዋሽቶ አይደለም፤ ዱቄት ብለው የነገሩት 500ውን ብቻ ስለሆነ ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እርሾ በአንድ ዓይነት መጠን ለሚጠቀም ሰው ይህ አያስቸግርም፣ ስሕተቱም አብሮ ቋሚ ነውና። የእርሾውን መጠን ለወቅቱ እያዩ የሚቀያይሩ ከሆነ ግን ውሃው ሳይታወቅዎ እየተቀያየረ ነው።

ትንሹ ግብዓት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አብዛኛው ባለ% ሚዛን በ1 ግራም ልዩነት ነው የሚያነበው (ይህን ልዩነት የሚዛኑ እርምጃ እንለዋለን)፤ በ1 ግራምና በ2 ግራም መካከል ሌላ ቁጥር የለውም። ስክሪኑ 1 ሲል እውነተኛው ክብደት ከ0.5 እስከ 1.5 ግራም ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል።

የላይኛውን መመሪያ ወደ ታች እናውርደው። ለሙከራ 200 ግራም ሊጥ ብቻ ይፈለግ። 200 ለ168 ሲካፈል 1.19 ይመጣል፤ ስለዚህ ዱቄት 119፣ ውሃ 77.4፣ ጨው 2.4፣ እርሾ 1.2 ግራም። በ1 ግራም ሚዛን እርሾው «1» ሆኖ ይነበባል፤ እውነቱ ግን 0.5ም 1.5ም ሊሆን ይችላል። ከሚፈለገው ከግማሽ በላይ ጎድሎ ወይም በሩብ በልጦ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የ% ቁልፉ እዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ያታልላል። 119 ግራም ዱቄት ላይ አንድ ግራም 0.84 ፐርሰንት ነው፣ ስለዚህ የሚዛኑ ትንሿ እርምጃ ከሚፈለገው የእርሾ መጠን ጋር ልትተካከል ምንም አልቀራትም። ስክሪኑ ነጥብ ያለው ፐርሰንት ቢያሳይ እንኳ ቁጥሩ የሚዘለው በዚሁ እርምጃ ነው። ነጥቡ ለዓይን ብቻ ነው።

500 ግራም ዱቄት ላይ አንድ ግራም 0.2 ፐርሰንት ይሆናል፤ 5 ኪሎ ላይ 0.02። ለዚህ ነው ተመሳሳይ ሚዛን ለዳቦ ቤት አስተማማኝ፣ ለቤት ሙከራ ደግሞ ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሆነው። መመሪያን ወደ ላይ ማሳደግ ስሕተትን ይውጣል፣ ወደ ታች ማውረድ ግን ስሕተትን ያጎላል።

ሥራ ላይ የሚውል መለኪያ ይኸውና፦ ከሁሉም የሚያንሰው ግብዓት ከሚዛኑ እርምጃ ቢያንስ 50 እጥፍ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ሚዛኑ በአንድ እርምጃ ቢስት እንኳ ስሕተቱ ከ2 በመቶ አይበልጥም። በ1 ግራም ሚዛን 50 ግራም፣ በ0.1 ግራም ሚዛን 5 ግራም፣ በ0.01 ግራም ሚዛን ግማሽ ግራም ማለት ነው። አንድ 800 ግራም ሊጥ የሚወስደው ጨው 9.5፣ እርሾው 4.8 ግራም ነው፤ በዚህ መለኪያ አንድ ዳቦ ለሚጋግር ቤት የ1 ግራም ሚዛን ለጨውም አይበቃም። ጨው ላይ ትንሽ ላላ ማለት ይቻላል፣ እርሾ ላይ ግን አይቻልም።

ስለዚህ የምንመክረው አንድ ውድ ሚዛን ሳይሆን ሁለት ተራ ሚዛኖችን ነው፦ ለዱቄትና ለውሃ ባለ% ትልቁን፣ ለእርሾ፣ ለጨውና ለቅመም በ0.1 ወይም በ0.01 ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን። ሁለት መድረክ፣ ማለትም ዕቃ የሚቀመጥበት ሁለት ገጽ፣ ያላቸው ሚዛኖችም አሉ፤ ለትልቁም ለትንሹም በአንድ አካል ላይ። ቦታ ይቆጥባሉ፣ ነገር ግን አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ትንሿ ሚዛን ከሌለች ደግሞ በምጥጥን ብቻ የሚሠራ አሮጌ ዘዴ አለ። 10 ግራም ደረቅ እርሾን ከ90 ግራም ዱቄት ጋር በደረቁ በሚገባ ያዋህዱ። አሁን እያንዳንዱ 10 ግራም ቅልቅል 1 ግራም እርሾ አለው። 2.4 ግራም እርሾ ሲያስፈልግ 24 ግራም ቅልቅል ይመዝኑ፤ ሚዛኑ በግማሽ ግራም ቢስት የእርሾው ስሕተት 0.05 ግራም ብቻ ነው። በቅልቅሉ ያለውን 21.6 ግራም ዱቄት ከዋናው ዱቄት ላይ መቀነስ እንዳይረሳ። ቅልቅሉ በጥብቅ ክዳን፣ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ከመመዘንዎ በፊት ሁልጊዜ ያገላብጡት፣ እርሾውና ዱቄቱ ሊለያዩ ይችላሉና።

ሚዛኑን ከመግዛት በፊትና በኋላ መፈተን

ሰው ሚዛን ሲፈትን የሚጠይቀው «ልኩን ይናገራል?» ብሎ ነው። ለምጥጥን ሥራ ግን ጥያቄው ይህ አይደለም። አንድ ሚዛን ሁሉንም ነገር በ2 በመቶ አክብዶ ቢያነብ ዱቄቱም ውሃውም ጨውም በእኩል ስለሚዛነፉ ምጥጥኑ ፍንክች አይልም፤ ዳቦው ልክ ይወጣል። የሚያበላሸው ሚዛን በአንዱ ክብደት ላይ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ላይ ሌላ ዓይነት የሚስተው ነው።

ፈተናው ቀላል ነው፤ የታወቀ የመመዘኛ ድንጋይም አይፈልግም። ሁለት የታሸጉ ዕቃዎችን ለየብቻ ይመዝኑ፣ ከዚያ አንድ ላይ ይመዝኑ። ድምሩ ከሁለቱ ንባቦች ድምር በ1 ወይም በ2 ግራም ቢለይ ይለፍ። ከዚያ በላይ ከሆነ ይተዉት። ቀጥሎ ያንኑ አንድ ዕቃ በአራቱም ማዕዘን ላይ ያስቀምጡ፤ ንባቡ በየማዕዘኑ ከተለያየ ሳህን ባዘነበለ ቁጥር ሚዛኑ ይዋሻል። የመጨረሻው ለዳቦ በጣም አስፈላጊው ነው። ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ 10 ግራም ገደማ የምትሆን ማንኪያ፣ ብቻዋን ይመዝኑ። ከዚያ ሁለት ኪሎ የሚሆን ሳህን አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉና ያችኑ ማንኪያ ይጨምሩ። እኩል ካነበበ ጥሩ ሚዛን ይዘዋል።

ጨው ወይም እርሾ ቀስ ብሎ ሲነሰነስ ሚዛኑ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ያስባል። አልተበላሸም። ዲጂታል ሚዛኖች ዜሮ አካባቢ የሚታይ ትንሽ መንቀጥቀጥን የሙቀት ወይም የነፋስ ለውጥ ነው ብለው በራሳቸው ወደ ዜሮ ይመልሱታል። እርሾው በጣም በዝግታ ሲወርድ እያንዳንዷ ቁንጥር ተውጣ ትቀራለች፤ ስክሪኑ 0 እያለ ሳህኑ ውስጥ ሦስት ግራም ሊጠራቀም ይችላል። መፍትሔው ትንሹን ነገር በሌላ ዕቃ መዝኖ መገልበጥ ነው። ወይም ደግሞ ከዜሮው በኋላ አንድ ማንኪያ አስቀምጦ ከማንኪያው ክብደት መነሳት፤ ንባቡ ከዜሮ ከራቀ ይህ ጠባይ አይነሳም።

ስለ አቅም አንድ ቃል። ዜሮ ማድረግ የሳህኑን ክብደት ከስክሪኑ ያጠፋዋል እንጂ ከሚዛኑ ላይ አያነሳውም። 5 ኪሎ በሚችል ሚዛን ላይ 1.2 ኪሎ የሚመዝን የሸክላ ሳህን ከተቀመጠ ለሊጥ የቀረው 3.8 ኪሎ ነው። ከአቅም በላይ መጫን ደግሞ የማይመለስ ጉዳት ያመጣል፤ ከመድረኩ ሥር ያለችው ብረት አንዴ ከጎበጠች ሚዛኑ ዕድሜ ልኩን ይስታል። ሚዛኑን መደርደሪያ ላይ ድስት ደርቦ ማስቀመጥም ያው ነው። ትኩስ ድስት በቀጥታ አይቀመጥበት፤ ሙቀቱ ንባቡን እያንሸራተተ ይወስደዋል። ባትሪ ሲደክምም ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይዋልላል።

የሚሊ ሊትር ቁልፍ ያላቸውም አሉ። አይመኑት። ሚዛን ይዘትን አይለካም፤ ፈሳሹ ውሃ ነው ብሎ ገምቶ ግራሙን በሌላ ስም ይጠራዋል። ዘይት ከውሃ ስለሚቀልል ስክሪኑ 500 ሚሊ ሊትር ሲል ሳህኑ ውስጥ 540 ገደማ አለ፤ ማር ከሆነ ደግሞ ወደ 355 ገደማ ብቻ።

ቁልፉ የማያሰላው

መጀመሪያ፣ ከጠቅላላው ወደ ዱቄት መመለስን አያውቅም። «እያንዳንዳቸው 800 ግራም የሚመዝኑ 12 ሊጦች እፈልጋለሁ» ማለት 9,600 ግራም ሊጥ ነው። ለ168 ሲካፈል 57.14፤ ይህ የአንድ ፐርሰንት ክብደት ነው። በ100 ሲባዛ ዱቄቱ 5,714፣ በ65 ውሃው 3,714፣ በ2 ጨው 114፣ በ1 እርሾው 57 ግራም። ይህን ማካፈል በስልክ ካልኩሌተር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሚዛኑ ግን አይሠራልዎትም። በዚያ ላይ ማቡኪያው ላይና እጅ ላይ የሚቀር ስላለ ጠቅላላውን ከማካፈልዎ በፊት በ1 ወይም በ2 በመቶ ከፍ ያድርጉት። አለበለዚያ አሥራ ሁለተኛው ዳቦ ሁልጊዜ ጎደሎ ይሆናል።

እንቁላልም አንዱ እንቅፋት ነው። መመሪያው 3 እንቁላል ካለና ግማሹ ከተፈለገ አንድ ተኩል እንቁላል ሰባብሮ ማምጣት አይቻልም። ይምቱትና ይመዝኑት፤ አንድ ትልቅ እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ያህል ነው፣ ስለዚህ 75 ግራም ይቀዳል።

የመጋገሪያ ቅርጽ ሲቀየር ደግሞ የሚባዛበት ቁጥር ራሱ ይለያል፤ እዚህ ብዙ የሠለጠነ ሰውም ይሳሳታል። ክብ ቅርጽ ከ20 ሴንቲ ሜትር ወደ 25 ሲያድግ ሰው «በሩብ አደገ» ብሎ ሁሉን በ1.25 ያባዛል። ኬኩም ስስ ይሆናል። የሚቆጠረው ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመት ሳይሆን የወለሉ ስፋት ነው፦ 25 ለ20 ሲካፈል 1.25፣ በራሱ ሲባዛ 1.56። ከ20 ወደ 30 ከሆነ 2.25 እጥፍ ነው። ቁመቱም አብሮ እንዲጨምር ከተፈለገ እንደገና በቁመቱ ምጥጥን ይባዛል።

የመጋገሪያ ጊዜ ከክብደት ጋር አብሮ አያድግም። ሁለት ዳቦ በአንድ ምድጃ ውስጥ የአንዱን እጥፍ ጊዜ አይወስድም፤ ጊዜውን የሚወስነው የዳቦው ውፍረት ነው፣ ሙቀት ወደ መሃል ለመድረስ የሚጓዘው ርቀት ስለሆነ። የእርሾው ሥራም እንዲሁ በክብደት አይገዛም። ትልቅ የሊጥ ክምር የራሱን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ቶሎ ይነሳል፣ ትንሹ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 10 እጥፍ ያደገ መመሪያ ላይ እርሾውን በትክክል 10 እጥፍ አድርጎ የመቦኪያ ጊዜውን እንደ ድሮው የጠበቀ ሰው ሊጡ አልፎበት ያገኘዋል። ጊዜውን በሰዓት ሳይሆን በሊጡ ቁመት ይከታተሉ፤ ወይም ውሃውን ቀዝቀዝ ያድርጉት።

በእሳት ላይ የሚቀቀል ነገር ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። የሚተነው ውሃ በድስቱ አፍ ስፋት ነው የሚወሰነው። ሾርባውን በግማሽ ቀንሰው በዚያው ድስት፣ በዚያው እሳት ቢቀቅሉት በሰዓቱ የሚተነው ያው ስለሆነ ደርቆ ያገኙታል።

ቁጥሩ ካመለጠ

ባለ% ሚዛን ያለው ሰው ስሕተትን ወደ ኋላ መመለስ ባይችልም ወደ ፊት ማስተካከል ይችላል። 500 ግራም ዱቄት ላይ 325 ይገባ የነበረው ውሃ 340 ሆነ እንበል። 340 ለ0.65 ሲካፈል 523 ይመጣል፤ 23 ግራም ዱቄት ይጨመር፣ ጨው ወደ 10.5፣ እርሾው ወደ 5.2 ከፍ ይበል። ሊጡ በትንሹ አደገ እንጂ አልተበላሸም። ጨው 10 መሆኑ ቀርቶ 14 ከገባ ደግሞ ዱቄቱ 700 መሆን አለበት፤ ያን ያህል ዳቦ የሚበላ ከሌለ ከመቀላቀሉ በፊት በማንኪያ ማንሳት ይሻላል። ዱቄት ከተጨመረ በኋላ ግን በሚዛኑ የተያዘው 100 አሮጌው ስለሆነ ከዚህ በኋላ በግራም ይቀጥሉ። ከሳህኑ ሥር የጻፉት ክብደት የሚጠቅመው ይሄኔ ነው፤ ሚዛኑ ጠፍቶ ቢነሳ እንኳ ሙሉውን መዝነው ሳህኑን በመቀነስ የት እንደደረሱ ያውቃሉ።

ከዳቦ ውጪ

ቁልፉ ለማንኛውም ከአንድ ነገር አንጻር ለሚነገር መጠን ይሠራል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መመሪያው ራሱ «ከምን አንጻር» እንደሚል ነው። ለአትክልት ማቆያ 5 በመቶ የጨው ውሃ ሲባል 1,000 ግራም ውሃ ላይ 50 ግራም ጨው ካደረጉ፣ ከጠቅላላው አንጻር 4.76 በመቶ ነው። ከጠቅላላው 5 በመቶ ከተፈለገ ጨው 52.6 ግራም ይሆናል። ሚዛኑ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ትርጉም ነው የሚያውቀው።

1:4 ተብሎ የሚጻፈውም ያምታታል። አንድ እጅ ለአራት እጅ ከሆነ ጠቅላላው አምስት ነው፤ 10 ሊትር ለማዘጋጀት 2 ሊትርና 8 ሊትር። ከአራት አንዱ ነው ብሎ የተረዳ ሰው 2.5 ሊትር ያፈሳል፤ በሩብ የበዛ ማለት ነው። እንደ ሬዚን ማጣበቂያ ባሉ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅለው በሚጠነክሩ ነገሮች ላይ ደግሞ በይዘት የተጻፈ ምጥጥንን በሚዛን መመጠን ስሕተት ነው፤ የሁለቱ ፈሳሾች ክብደት በሊትር እኩል አይደለም። ማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይጻፋል፤ «በክብደት» የሚለውን ቁጥር ፈልገው ይጠቀሙ። ከሌለ ሚዛኑን ትተው በመለኪያ ዕቃ ይስፈሩ።

ስለ መለኪያ ዕቃ ከተነሳ፣ ስኒና ማንኪያን ለምጥጥን የማንወድበት ምክንያት አንዱ ስኒ ከሌላው ስኒ አለመተካከሉ ነው። በአሜሪካ መመሪያ አንድ ስኒ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፣ በሌላው 250፣ በጃፓን 200። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር ሲሆን በሌላው ቦታ 15 ነው። በዚያ ላይ አንድ ስኒ ዱቄት በቀስታ ተነስንሶ 120 ግራም፣ በስኒው ተዝቆና ተጠቅጥቆ 150 እና ከዚያም በላይ ይመዝናል። በስኒ የተጻፈ መመሪያ ካለ አንዴ በሚዛን ሠርተው ወደ ፐርሰንት ይገልብጡት፤ ከዚያ በኋላ ስኒው አያስፈልግም።

ለማን?

በሳምንት አንድ ሁለቴ ለሚጋግርና የዱቄቱ መጠን በየጊዜው ለሚለያይበት ቤት ባለ% ሚዛን ከኪስ ሚዛን ጋር ተጣምሮ ይግዙት እንላለን። በቀን ተመሳሳይ መጠን ለሚያቦካ ዳቦ ቤት ቁልፉ ትርፍ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የግራም ሠንጠረዥ ከእሱ ይፈጥናል፣ ሠራተኛ ቢቀየርም አያሳስትም። በ0.1 ግራም የሚያነብ ጥሩ ሚዛን ያለው ሰውም ለቁልፉ ብሎ ወደ 1 ግራም ሚዛን አይውረድ፤ ማባዛትን ስልኩ ይሠራለታል፣ የጠፋውን አሥረኛ ግራም ግን ማንም አይመልስለትም። ኬክ ብቻ ለሚሠራ፣ እንቁላልና ቅቤ በበዛበት ሥራ፣ ቁልፉ ብዙም አይነካም። ዳቦውን በክብደት ለሚሸጥ ደግሞ የወጥ ቤት ሚዛን ለዚያ የተሠራ አይደለም፤ ለንግድ የሚውለው ተመርምሮ ማኅተም የተደረገበት ነው።

ሲመርጡ የሚያዩት በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ የንባብ እርምጃው፣ በራስ መዘጋትን የማቆም አማራጭ፣ የሚነሳና የሚታጠብ መድረክ፣ ትልቅ ሳህን ሲቀመጥ የማይሸፈን ስክሪን፣ ከዚያ አቅሙ። ስክሪኑ ከመድረኩ ሥር ገብቶ የሚቀር ሞዴል ላይ 65 ሲል ለማየት አንገት ማጎንበስ አለ፤ ውሃው ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም።